የኮምባይነር የእህል ብክነት ሴንሰር፦ አንዱ ረድፍ ሁልጊዜ ሙሉ፣ ሌላው ሁልጊዜ ባዶ

ጥያቄ
ሸዋ በር (ሐረር)

ጤና ይስጥልኝ። ነዋሪነቴ ሐረር ሲሆን፣ በአጨዳ ወቅት በጅጅጋ ሜዳ ለስንዴ ገበሬዎች በኪራይ የሚሠራ አንድ ያገለገለ ኮምባይነር አስተዳድራለሁ። ማሽኑ የሄደሩ (ከፊት ሰብሉን የሚያጭደው ክፍል) ስፋት 4.2 ሜትር የሆነ፣ ባለ አምስት ገለባ አራጋፊ የአውሮፓ ሥሪት ነው። ከኋላው አራት የእህል ብክነት ሴንሰሮች አሉት፤ ሁለቱ ከላይ በገለባ አራጋፊዎቹ ጫፍ፣ ሁለቱ ደግሞ ከታች በወንፊቱ ጫፍ፣ በግራና በቀኝ ተተክለዋል። ጋቢና ውስጥ ያለው ሞኒተር ለእያንዳንዱ ሴንሰር አንድ የመብራት ረድፍ ያሳያል።

የዘንድሮው አጨዳ ከተጀመረ ወዲህ የቀኙ የወንፊት ረድፍ ማሽኑ ያለ እህል ባዶውን ሲዞር እንኳ እስከ ቀዩ መብራት ድረስ ይሞላል። የግራው የገለባ አራጋፊ ረድፍ በአንጻሩ ጥቅጥቅ ባለ ስንዴ ውስጥም ቢሆን አንድም መብራት አያበራም። ኦፕሬተሩ መጀመሪያ ላይ ቀዩን እያየ ፍጥነት ይቀንስ ነበር፤ ውሎ አድሮ ግን ሞኒተሩን ማየት ትቶ በልምዱ መንዳት ጀመረ። ለዚህ አልወቅሰውም፤ ሌት ተቀን የሚጮኽን ነገር ጆሮ ይለምደዋል። ችግሩ ሰሞኑን ገበሬዎቹ ከታጨደው ማሳ ላይ ፍሬ እየዘገኑ ያሳዩን መጀመራቸው ነው። ኪራያችን የሚታሰበው በተሰበሰበው ኩንታል ስለሆነ፣ መሬት ላይ የሚቀረው ፍሬ የእነርሱም የእኛም ኪሳራ ነው።

ያየው አንድ ባለሙያ ሁለቱም ሴንሰሮች ተቃጥለዋልና አዲስ ይገዛላቸው ብሎናል። ዋጋው ቀላል አይደለም፤ ዕቃው እስኪመጣም አጨዳው ሊያልቅ ይችላል። ገንዘብ ከማውጣቴ በፊት ሴንሰሮቹ በእርግጥ መበላሸታቸውን በሜዳ ላይ የማረጋግጥበት መንገድ አለ? ደግሞስ መሬት ላይ የሚታየው ፍሬ ከእነዚህ ሴንሰሮች ብልሽት ጋር ይገናኛል?


መልስ
ሳቢያን (ድሬዳዋ)

ሸዋ በር፣ እንደምን ሰነበቱ። በድሬዳዋ የከባድ ተሽከርካሪና የእርሻ መሣሪያ ኤሌክትሪክ እሠራለሁ። ለመግዛት ገና ነው። አንደኛው የሚጮኸው ሌላኛው ዝም ያለው በተለያየ ምክንያት ስለሆነ፣ ሁለቱንም በአንድ ቃል "ተቃጥለዋል" ብሎ መዝጋት አያስኬድም። በተለይ የቀኙ እንደተባለው ተቃጥሎ ቢሆን ኖሮ በአብዛኛው ዝም ይል ነበር እንጂ አይጮኽም።

ሴንሰሩ ከሰሌዳው ሥር የተጣበቀ ትንሽ የፒዞኤሌክትሪክ ክሪስታል አለው። ፍሬ ሰሌዳውን ሲመታ ክሪስታሉ ቅጽበታዊ የኤሌክትሪክ ምት ያመነጫል። የፍሬ ምት አጭርና ስል ሲሆን፣ የገለባና የእብቅ ምት ለስላሳና ዘገምተኛ ነው። ኤሌክትሮኒክሱ ለስላሳውን አጣርቶ ይጥልና ከተወሰነ ልክ በላይ የሆነውን ስል ምት ብቻ ይቆጥራል። ስለዚህ ሰሌዳውን በስሉ የሚመታ ማናቸውም ነገር፣ የላላ ብሎንም ሆነ የሚነካው ላሜራ፣ ለሞኒተሩ ፍሬ ነው።

የቀኙን የወንፊት ሴንሰር በደረጃ ይፈትኑት። መጀመሪያ ሞተር ሳያስነሱ ቁልፉን ብቻ ይክፈቱ። ረድፉ በዚህ ጊዜ ከሞላ ጥፋቱ ከሽቦው ወይም ከሞኒተሩ ነው። ካልሞላ ሞተሩን አስነሥተው የመውቂያውን ክፍል ሳያገናኙ ይመልከቱ፤ አሁን ከሞላ ከዲናሞው የሚመጣ የኤሌክትሪክ ረብሻ ስለሚሆን፣ የሽቦውን መከለያና የኔጋቲቩ ሽቦ ከማሽኑ አካል ጋር የሚታሰርበትን ብሎን ይመርምሩ። ቀለም ወይም ዝገት ካለበት ፍቀው ብረቱ እስኪታይ ያጽዱት። በሁለቱም ጊዜ ዝም ብሎ መውቂያው ሲገናኝ ብቻ የሚሞላ ከሆነ ግን ኤሌክትሪኩን ይተዉትና አተካከሉን ይዩ። እርስዎ "ባዶውን ሲዞር" ያሉትን ስሰማ የምጠረጥረው ይህንን ነው።

ሴንሰሩ የሚቀመጠው የማሽኑ ንዝረት እንዳይደርስበት በጎማ ትራስ ላይ ነው። በእኛ አገር ፀሐይ፣ በተለይ ማሽኑ ክረምቱን ሙሉ ሜዳ ላይ ሲቆም፣ ይህ ጎማ እየደረቀ እንደ እንጨት ይጠነክራል፤ አንዳንዴም ወድቆ ይጠፋና የሆነ ሰው በብረት ሮንዴላ ተክቶት ይገኛል። ከሰሌዳው ጀርባ የተጠቀጠቀ እብቅና ጭቃ፣ ሰሌዳውን የሚነካ የወንፊት ጠርዝ፣ ሰሌዳው ላይ የታሰረ ሽቦም ተመሳሳይ ነገር ያደርጋሉ። አንድ ተጨማሪ ፈተና አለ፦ የሴንሰሩን ሶኬት ነቅለው መውቂያውን ያስነሡ። ሴንሰሩ ተነቅሎም ረድፉ ከሞላ ሴንሰሩ ንጹሕ ነው፤ ጥፋቱ ከሶኬቱ ወደ ሞኒተሩ ባለው በኩል ነው ማለት ነው።

ለግራው የገለባ አራጋፊ ሴንሰር ሁለት ሰው ያስፈልጋል። ሞተሩ ጠፍቶ ቁልፉ ይከፈት፤ አንዱ ጋቢና ውስጥ ሞኒተሩን ይይ፣ ሌላው በካቻቢቴ የፕላስቲክ እጀታ ሰሌዳውን በቀስታ ይንካካው። በመዶሻ እንዳይመታ አደራ፤ ክሪስታሉን የያዘው ማጣበቂያ ከለቀቀ ያኔ በእርግጥ አዲስ ይገዛሉ። አንዳንድ ሞኒተሮች የመውቂያው ማብሪያ ካልተጫነ ምንም አያሳዩም፤ ስለዚህ መጀመሪያ ደህና በሆነው ሴንሰር ላይ ሞክረው ሞኒተሩ መልስ መስጠቱን ያረጋግጡ። ከዚያ ግራውንና ቀኙን የገለባ አራጋፊ ሴንሰሮች ያቀያይሯቸው። ዝምታው ከሴንሰሩ ጋር ወደ ቀኝ ከሄደ ሴንሰሩ ሞቷል፤ እዚያው ግራ ላይ ከቀረ ሽቦው ነው። ለዚህ ፈተና አንድ ሳንቲም አይወጣም።

ቴስተር ካለዎት በግራው ሶኬት ላይ ቮልት መድረሱን ይለኩ። በአንዳንድ ሥሪቶች የባትሪው 12 ቮልት በቀጥታ ይደርሳል፣ በሌሎች ሞኒተሩ ቀንሶ ስለሚልክ ማኑዋሉ የሚለውን ይከተሉ። ማኑዋል ከሌለ ደህናውን ሶኬት ለክተው ከሱ ጋር ያስተያዩ። የሲግናል ሽቦውን በቴስተር ማየት ግን ብዙም አይረዳም፤ ምቱ እጅግ አጭር ስለሆነ ቴስተሩ አይደርስበትም። የቆመ ማሽን ሽቦ ላይ አይጥ የምትሠራውን ደግሞ እናንተም ታውቁታላችሁ። ሶኬቱ ውስጥ አረንጓዴ ዝገት ካገኛችሁ ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ ያሉት ሞባይል ጠጋኞች ከብዙ የመኪና ኤሌክትሪሺያን የተሻለ ብየዳ ይሠራሉ፤ ነቅላችሁ አምጡላቸው።

እጅ ወደ ማሽኑ ኋላ ከመግባቱ በፊት ሞተሩ ይጥፋ። ቁልፉም መክፈት የሚያስፈልግበት ፈተና ካልሆነ በቀር ከሚሠራው ሰው ኪስ አይውጣ። መውቂያው እየዞረ በሚደረገው ፈተና ማንም ከኋላ አይጠጋ።


መልስ
የእርሻ መምህር (ሐሮማያ)

ሳቢያን የኤሌክትሪኩን ነገር አሟልተው ስለጻፉ፣ እኔ በሁለተኛው ጥያቄዎ ላይ አተኩራለሁ፤ በእኔ እይታ ዋናው እርሱ ነው።

የብክነት ሴንሰር ሚዛን አይደለም። የሚነግረን ስንት ኪሎ እንደጠፋ ሳይሆን ቅድም ከነበረው አሁን ጨመረ ወይስ ቀነሰ የሚለውን ነው። ከገለባው ጋር ከሚወጣው ፍሬ ሰሌዳውን የሚመታው ከፊሉ ብቻ ነው። ከዚህም በላይ ገለባው በጣም ሲወፍር ፍሬው በገለባው ውስጥ እንደተሸፈነ ስለሚወጣ፣ ብክነቱ በእውነት እየባሰ ረድፉ ሊቀንስ ይችላል። ያልተወቃ ዛላ ሲወጣም ሴንሰሩ እንደ ፍሬ አይቆጥረውም። ከሁሉም በላይ በሄደሩ የሚረግፈውን ፍሬ እነዚህ አራት ሴንሰሮች ፈጽሞ አያዩትም፤ እነርሱ ያሉት ከኋላ ነው፣ ያ ፍሬ ግን ወደ ማሽኑ ሳይገባ ከፊት መሬት ወድቋል። ስለዚህ ገበሬዎቹ የዘገኑት ፍሬ ከየት እንደመጣ ሳይለካ ስለ ሴንሰር መናገር አይቻልም።

ልኬቱ ቀላል ነው። ከቀጭን ፌሮ 50 በ50 ሳንቲሜትር የሆነ ፍሬም አስበይዱ፤ ስፋቱ የአንድ ካሬ ሜትር ሩብ ስለሆነ የተቆጠረውን በ4 ታባዛላችሁ። በሦስት ቦታ ይቆጠራል። የመጀመሪያው ገና ባልታጨደው ስንዴ ሥር ነው፤ ይህ ነፋስና ወፍ ያረገፉት ነውና የማሽኑ ዕዳ አይደለም። ሁለተኛውን ለማግኘት ኦፕሬተሩ በሙሉ ሥራ ላይ እያለ በድንገት ያቁምና መውቂያውን አጥፍቶ የማሽኑን ርዝመት ያህል ወደ ኋላ ይመለስ። በቆመው ስንዴና በሄደሩ መካከል የሚቀረው መሬት ሄደሩ ያለፈበት ነገር ግን የኋላው ገለባ ያልወደቀበት ነው፤ እዚያ ከሚቆጠረው ላይ የመጀመሪያውን ስትቀንሱ የሄደሩን ብክነት ታገኛላችሁ። ሦስተኛው ከኋላ በወደቀው የገለባ መስመር ሥር ነው፤ ገለባውን በጥንቃቄ አንሥታችሁ አራግፋችሁ ቁጠሩ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በሦስተኛው ላይ ነው። 4.2 ሜትር ሄደር የሰበሰበው ስንዴ ገለባው ሳይከተፍ በ1.4 ሜትር መስመር ላይ ሲወድቅ፣ ከኋላ የጠፋው ፍሬ ሦስት እጥፍ ተጠጋግቶ ይታያል። ስለዚህ ከሦስተኛው ቁጥር ላይ ሁለተኛውን ቀንሳችሁ ለ3 ታካፍላላችሁ። ያለዚህ ስሌት ማሳው ላይ ያለው መስመር ሁሉ ጥፋት መስሎ ይታያል፤ ገበሬውም የሚዘግነው ከዚያ መስመር ላይ ከሆነ መደንገጡ አይገርምም።

ፍሬውን ወደ ኪሎ ለመለወጥ የአንድ ሺህ ፍሬ ክብደት ያስፈልጋል። ለስንዴ 35 ግራም ብላችሁ ብትጀምሩ ብዙ አትርቁም። በአንድ ካሬ ሜትር 100 ፍሬ ማለት 3.5 ግራም ነው፤ በሄክታር 35 ኪሎ ይሆናል። ምርቱ በሄክታር 30 ኩንታል ከሆነ ይህ ከአንድ በመቶ ጥቂት ይበልጣል። ፍሬሙን በአንድ ቦታ ብቻ አታሳርፉ፤ በሄደሩ ስፋት ልክ ከግራ እስከ ቀኝ እያዘዋወራችሁ አማካዩን ውሰዱ።

ሴንሰሮቹ ሲጠገኑ ማስተካከያው ከዚህ ልኬት በኋላ ይመጣል። በሞኒተሩ ላይ የፍሬውን መጠን ለስንዴ ምረጡ፤ ከዚያ በመሬት ላይ የተለካው ብክነት እናንተና ገበሬው የምትስማሙበት በሆነበት ፍጥነት እየነዳችሁ፣ ረድፉ መሃል ላይ እንዲቆም የሴንሰሩን ስሜት (ምትን የመቁጠር ንቃቱን) አስተካክሉ። ከዚያ ወዲያ ረድፉ ከመሃል ሲወጣ ትርጉም ይኖረዋል።


ሸዋ በር (ሐረር)

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። እንደተባለው አደረግን፤ ያገኘነውን ላካፍላችሁ።

የቀኙ የወንፊት ሴንሰር በቁልፍ ብቻም፣ ሞተር ተነሥቶም ዝም አለ፤ መውቂያው እንደተገናኘ ግን ወዲያው ሞላ። ሶኬቱ ሲነቀል ጠፋ። ሴንሰሩን ስንፈታው ከሁለቱ የጎማ ትራሶች አንዱ የለም፤ ሳቢያን እንዳሉት በቦታው የብረት ሮንዴላ ገብቶበት ብሎኑ እስኪበቃው ተጠብቋል። ከከመነዳሪ ጎማ ቆርጠን በደራረብነው ትራስ ተካነውና ረድፉ ባዶ ላይ ጸጥ አለ። የግራው የገለባ አራጋፊ ደግሞ ስንንካካው መልስ አልሰጠም፤ ከቀኙ ጋር ስናቀያይረው ግን ሴንሰሩ በቀኝ በኩል ሆኖ በደንብ ሠራ፣ ዝምታው ግራ ላይ ቀረ። ሽቦውን በቴስተር ስናይ ደህና መሰለ። በኋላ የኋላው ክዳን በሚከፈትበት ማጠፊያ ላይ ሽቦውን ስናጥፈው የቴስተሩ ድምፅ ተቋረጠ፤ ላስቲኩ ከውጭ ሳይነካ የውስጡ መዳብ ተቆርጧል። ያን ቁራጭ አውጥተን ትርፍ ርዝመት ትተን በአዲስ ሽቦ ቀጠልነው። አዲስ ሴንሰር አልገዛንም።

የገረመን ግን ልኬቱ ነው። ባልታጨደው ሥር በካሬ ሜትር 20 ፍሬ፣ ከሄደሩ ፊት 150፣ በገለባው መስመር ሥር 330 አገኘን። በመምህሩ ስሌት የኋላው ብክነት 60 ፍሬ ሲሆን በሄክታር 21 ኪሎ ነው። የሄደሩ ግን 130 ፍሬ፣ ማለትም በሄክታር ከ45 ኪሎ በላይ ሆነ። ስለ ኋላው ስንጨነቅ የፊቱ እጥፍ በልጦት ቆየ።

ሁለት ነገር ይቀረኛል። የሄደሩን ብክነት እንዴት እንቀንስ? ሁለተኛ፣ ሞኒተሩ አሁን በመልካም ሁኔታ ቢሠራም ማሳው ጫፍ ላይ ለመዞር ፍጥነት ሲቀንስ ሁሉም ረድፎች በአንዴ ወደ ቀይ ይወጣሉ። ይህ ሌላ ብልሽት ነው?


መልስ
ነባር ኦፕሬተር (ድሬዳዋ፣ ከዚራ)

ወንድሜ ሸዋ በር፣ በአርሲና በባሌ ስንዴ ላይ የኖርኩ ሰው ነኝ። ስለ ሄደሩ የምናገረው አለኝ፤ ስለ ሞኒተሩ ግን ከመምህሩ ትንሽ እለያለሁ።

የሄደር ብክነት ብዙውን ጊዜ የሪሉ፣ ማለትም ከሄደሩ ላይ እየዞረ ስንዴውን ወደ ቢላው የሚያመጣው መሽከርከሪያ ጉዳይ ነው። ሪሉ ከማሽኑ የመሬት ፍጥነት በጥቂቱ ብቻ መፍጠን አለበት። ከመጠን በላይ ሲፈጥን የደረሰውን ዛላ ይደበድበዋል፤ ከመሬት ፍጥነት ከዘገየ ደግሞ ስንዴውን ወደ ፊት እየገፋ ከቢላው ፊት ያስተኛዋል። ኦፕሬተሮች ፍጥነት ሲቀያይሩ ሪሉን መቀየር ይረሳሉ፤ የእርስዎም ኦፕሬተር ቀዩን መብራት ፈርቶ በቀስታ ሲነዳ ሪሉ በድሮው ፍጥነት እየዞረ ስንዴውን ሲወቃው ከርሞ ይሆናል። እንዲህ ከሆነ የተበላሸው ሴንሰር በቀጥታ ባይሆንም በዙሪያ መንገድ ፍሬ አስፈስሷል ማለት ነው። የሪሉን ከፍታ ዛላውን ሳይሆን ከዛላው በታች ያለውን አገዳ እንዲነካ አድርጉት። ቢላውንም እዩት፤ የዶለዶመ ጥርስ ስንዴውን ከመቁረጥ ይልቅ ይነቀንቀዋል፣ የደረቀ ዛላ ደግሞ ለመርገፍ መነቅነቅ ይበቃዋል።

የሚታጨድበትም ሰዓት አለ። በጅጅጋ ሜዳ በኅዳርና በታኅሣሥ እኩለ ቀን ላይ ነፋሱና ፀሐዩ ስንዴውን ስለሚያደርቁት ዛላው ሲነካ ይረግፋል። ጤዛው እንደተነሣ ጠዋት መጀመርና የበሰለውን ማሳ ማስቀደም ከማንኛውም ማስተካከያ ይበልጣል። የማሳው ተራ የሚያዘው በገበሬዎቹ ስምምነት እንጂ በስንዴው ብስለት ስላልሆነ ይህ ሁልጊዜ እንደማይቻል አውቃለሁ፤ ሆኖም ሊነገራቸው ይገባል።

ሞኒተሩን በተመለከተ፣ እኔ ፍሬሙንና ቆጠራውን አምናለሁ፤ መብራቱን ግን ለኦፕሬተሩ ዋና መሪ አላደርገውም። ከካራማራ ግርጌ ባሉት ተዳፋት ማሳዎች ላይ ይህ በግልጽ ይታያል። ማሽኑ በጎኑ ሲያዘነብል ወንፊቱ ላይ ያለው እህልና እብቅ ሁሉ ወደ ዝቅተኛው ጎን ይሰበሰባል፤ በዚያ በኩል የፋኑ (የማሽኑ ማራገቢያ) ነፋስ አያነሣውም፣ ፍሬው ከእብቁ ጋር ይወጣል፣ በላይኛው በኩል ደግሞ ወንፊቱ ባዶ ስለሚሆን ነፋሱ ፍሬውን ራሱን ያወጣዋል። ያኔ አንዱ ረድፍ ይሞላል። ኦፕሬተሩ ሴንሰሩ ድሮም የሚጮኽ ነው ብሎ ያልፈዋል። ያ ቀኝ ሴንሰር ተጠግኖም በተዳፋት ላይ ቀይ ካሳየ እውነቱን ነው፤ ያኔ ሽቦ አይፈታ፣ ፍጥነት ይቀነስ ወይም ተዳፋቱን ሽቅብና ቁልቁል ይታጨድ።


የእርሻ መምህር (ሐሮማያ)

ነባር ኦፕሬተር በጻፉት ላይ የምጨምረው ትንሽ ነው። ልዩነታችን ያን ያህል የሰፋ አይመስለኝም፤ ቆጠራው መለኪያ ነው፣ መብራቱ በሁለት ቆጠራዎች መካከል ያለውን ለውጥ የሚያሳይ ነው። ሆኖም ኦፕሬተሩ መብራቱን ጨርሶ እንዲተወው አልመክርም። በጥሩ ማሳ ላይ የነበረው ስንዴ በድንገት አረም የበዛበት ቦታ ሲገባ፣ እርጥብ አረሙ የገለባውን አወጣጥ ስለሚያከብደው የገለባ አራጋፊው ብክነት ይጨምራል። ይህንን ከጋቢና ሆኖ በዓይን ማየት አይቻልም፤ ያን ጊዜ የሚነግረው መብራቱ ብቻ ነው።

ብክነቱ ከኋላ ሆኖ ሲገኝም የላይኛውና የታችኛው ረድፍ መለየታቸው ጥቅም አለው። የላይኛው ብቻ ከጨመረ የሚታየው የድራሙና የኮንኬቩ (የሚወቃው ተሽከርካሪ ሲሊንደርና ከሥሩ ያለው ጎባጣ ወንፊት) አሠራር ወይም የመንዳቱ ፍጥነት ነው፤ በደንብ ያልተለየ ፍሬ ከገለባው ጋር ወደ አራጋፊው ይተላለፋል። የታችኛው ብቻ ከጨመረ ወደ ፋኑና ወደ ወንፊቱ ክፍተት ይኬዳል። በሁለቱም ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይራችሁ ቁጠሩ። ፋኑንም ወንፊቱንም ድራሙንም በአንድ ጊዜ የነካ ሰው የትኛው እንደጠቀመው አያውቅም።


ደቻቱ ማዶ (ድሬዳዋ)

ይቅርታ፣ ጥያቄውን ላለመውሰድ በአጭሩ። እኛ አካባቢ ከስንዴ ይልቅ ማሽላ ነው የሚበዛው። በኮምባይነር የሚታጨድ አጭር ማሽላ ቢኖር ይኸው ሴንሰር ይሠራል? ጤፍስ?


የእርሻ መምህር (ሐሮማያ)

ለማሽላ ይሠራል። ክብ ፍሬው ሰሌዳውን በደንብ ይመታዋል። የአንድ ሺህ ፍሬ ክብደቱ እንደ ዝርያው ስለሚለያይ ግን የራሳችሁን ሺህ ፍሬ ቆጥራችሁ መመዘን ይሻላል፤ ስሜቱም ለስንዴ ከተስተካከለው እንደገና መስተካከል አለበት። የሐረርጌ ረጅም ማሽላ ግን አገዳው ለከብትና ለማገዶ ስለሚፈለግ፣ ማሳውም እርከንና ጫት የተቀላቀለበት ስለሆነ የኮምባይነር ጉዳይ አይደለም። ጤፍ ደግሞ አንድ ሺህ ፍሬው ከግማሽ ግራም በታች ነው፤ ለስንዴ የተሠራ ሴንሰር ምቱን ከእብቅ አይለየውም። ለጤፍ መሬቱ ላይ ሸራ አንጥፎ መሰብሰብና መመዘን ይሻላል።


ሳቢያን (ድሬዳዋ)

ሸዋ በር፣ ጥፋቱ በመገኘቱ ደስ ብሎኛል። ስለ ከመነዳሪው ትራስ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ፦ ለጊዜው ይይዛል፣ ነገር ግን ከዋናው ጎማ ስለሚለሰልስ የቀኙ ሴንሰር ከግራው ጋር እኩል ላያነብ ይችላል። የዋናው ጎማ ጥንካሬ ያለው ትራስ እስኪገኝ ሁለቱንም በአንድ ዓይነት ጎማ ይተኩና ስሜቱን እንደገና ያስተካክሉ። ብሎኑ ጎማውን ጨፍልቆ እንዳያደርቀው በልክ ይጥበቅ። ዳዶው እንዳይላላ የሚቆልፍ ዓይነት ይሁን፤ ማሽኑ በሎቤድ ተጭኖ ከጅጅጋ ሐረር ሲመጣ ብዙ ነገር ይፈታል። ማሽኑ ላይ ብየዳ ካሠራችሁ ደግሞ የባትሪው ሽቦና የሞኒተሩ ሶኬት አስቀድመው ይነቀሉ፤ ሲታጠብም በከፍተኛ ግፊት ውሃ ሴንሰሮቹ ላይ አይለቀቅ።

በመዞሪያው ላይ የሚታየው ቀይ በአብዛኛው ብልሽት አይደለም። ብዙ ሞኒተሮች ብክነቱን በሁለት መንገድ ያሳያሉ፤ አንዱ በጊዜ፣ ሌላው በታጨደው ስፋት ነው። በስፋት ሲሆን ሞኒተሩ የምቶቹን ቁጥር ለማሽኑ ፍጥነት ያካፍላል። ለመዞር ፍጥነት ስትቀንሱ ማሽኑ ውስጥ ያለው ገለባ ገና እየወጣ ስለሆነ፣ ምቱ ሳይቀንስ አካፋዩ ይቀንሳል፤ ረድፎቹ በአንዴ የሚዘሉት ለዚህ ነው። ሁሉም በአንዴ መውጣታቸውና ቀጥታ መንዳት እንደጀመራችሁ መመለሳቸው ይህንኑ ያመለክታል።

ቀጥታ እየነዳችሁም ካልተመለሱ ግን የፍጥነት ሴንሰሩን እዩ። ጋቢና ውስጥ የሚታየውን ፍጥነት በሜትር በተለካ 100 ሜትር ላይ በሰዓት ፈትሹት። በ100 ሜትር 72 ሴኮንድ ከፈጀ ፍጥነቱ በሰዓት 5 ኪሎሜትር ነው፤ ሞኒተሩ ከዚህ በጉልህ ከተለየ በሴንሰሩ ጫፍና በሚያነበው የማርሽ ጥርስ መካከል ያለው ክፍተት ሰፍቷል ወይም ብረት ብናኝ ተጣብቆበታል። ያገለገለ ማሽን ስለሆነ የፊት ጎማዎቹ መጠን ከቀድሞው ተቀይሮ እንደሆነም ይጠይቁ። ከተቀየረ የአዲሱ ጎማ ዙሪያ ሞኒተሩ ውስጥ ካልገባ በስተቀር የፍጥነቱም የብክነቱም ንባብ የተሳሳተ ሆኖ ይቀጥላል።